ድሬ ላይ በልጅነታችን ያየነው ጄት የትኛው ነበር? የአየር ምድብ ጎረቤቶች ግቡና ፍረዱን

የሳቢያን ልጅ

እንዴት ናችሁ የድሬ ሰዎች? ከታላቅ ወንድሜ ጋር የማያልቅ ክርክር ይዘናል። የምታውቁ ገላግሉን።

ያደግነው ሳቢያን ነው፣ በኤርፖርቱ በኩል። ጊዜው ሰባዎቹ፣ ደርግ ዘመን። ጠዋት ለትምህርት ቤት ስንዘጋጅ ጄቶቹ ይነሳሉ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ስለሆነ አብሮ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ቡፌው ላይ የደረደረቻቸው ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እሷ ግን ልማድ ሆኖባት ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም፣ ወሬዋን እንኳ ሳታቋርጥ፣ መዳፏን ብርጭቆዎቹ ላይ ጫን ታደርጋለች። ድምፁ ሲያልፍ እጇን አንስታ ሻይዋን መቅዳት ትቀጥላለች።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከጄቶቹ አንዱ ክንፉን ያንቀሳቅስ ነበር። ሲነሳ ክንፉ ተዘርግቶ ነው። ዞሮ በከተማው ላይ ሲመለስ ግን ወደኋላ ተሰብስቧል። ሲያርፍ ደግሞ ከኋላው ጃንጥላ ይለቃል። ወንድሜ «እሱ ሚግ 21 ነው፣ ክንፍ አጠፈ የምትለው በህልምህ ነው» ይለኛል። እኔ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ማን ነው ልክ?

ደቻቱ

ወንድምህ ነዋ አቦ! ድሬ የነበረው ሚግ 21 ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሚግ 21 ነበር የሚለው። ክንፍ የሚያጥፍ ወፍ ነው።

መካኒኩ

ደቻቱ ረጋ በል። ልጁ ያየውን ነው የሚናገረው።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጄት ሥር ተጋድሜ ነው። ያየኸው ሚግ 23 ነው። ለዚያውም ለምድር ጥቃት የተሠራው፣ ሚግ 23 ቢኤን የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ክንፉ ሦስት ቦታ ይቆማል፣ 16፣ 45 እና 72 ዲግሪ ላይ። ሲነሳና ሲያርፍ 16 ላይ ነው፣ ማለትም ተዘርግቶ። የተዘረጋ ክንፍ በዝግታም ቢሄድ አየሩ ይሸከመዋል። ፍጥነት ሲፈልግ ወደኋላ ይሰበስበዋል። ይህን የሚያደርገው አብራሪው ራሱ ነው፣ በግራ እጁ በኩል ባለች ማንሻ።

ሁለቱን ለመለየት ክንፉን ማየት እንኳ አያስፈልግም። አፍንጫውን እይ። ሚግ 21 አየር የሚስበው በአፍንጫው ነው። ፊቱ ክብ ቀዳዳ ነው፣ መሃሉ ላይ ሾጣጣ ነገር አለ። ሚግ 23 አየር የሚስበው ከአብራሪው ግራና ቀኝ ባሉ አራት ማዕዘን መግቢያዎች ነው። ቢኤኑ ደግሞ አፍንጫው ወደታች ዝቅ ያለ ነው፣ አብራሪው ከፊቱ ያለውን መሬት በደንብ እንዲያይ። ጃንጥላውን ሁለቱም ስለሚለቁ በእሱ አትለያቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሚግ 23 ከኋላ ሆዱ ሥር ወደታች የወረደ ቀጥ ያለ ክንፍ አለው። ጎማ ሲወጣ ያ ክንፍ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ካልታጠፈ መሬት ይፈጫል። ጎማ ሲገባ ተመልሶ ይዘረጋል። እኛ በየጊዜው ከምንፈትሻቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነበር። ጎማው ወጥቶ ክንፉ ካልታጠፈ ጉድ ነው።

የሳቢያን ልጅ

መካኒኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የግራና የቀኙን አራት ማዕዘን አስታውሳለሁ። የሆዱን ግን አላስተዋልኩም።

ለወንድሜ ላክሁለት። መልሱን እዩልኝ፦ «እሺ፣ ሚግ 23 ይሁን። ግን አንተ ጠዋት በውኃ ካልተረጨህ የማትነሳ ልጅ ነበርክ፣ የት አየኸው?»

ደቻቱ

ወንድምህ ተመችቶኛል።

የገንደ ቆሬው

ጃንጥላውን ካነሳችሁ፣ እኛ ከሩቅ ስናየው ሰው የዘለለ ይመስለን ነበር። ትልልቆቹ ልጆች «አብራሪው ወርዷል፣ አውሮፕላኑ ብቻውን ነው የሚያርፈው» ብለው ሲያሞኙን እናምናለን። እስከ ስንት ዓመታችን እንዳመንን አልናገርም።

መካኒኩ

ሃሃ። ጃንጥላው ፍሬን ነው። ሚግ መሬት የሚነካው በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው። በጎማ ፍሬን ብቻ ልያዘው ብትል ጎማው ይቃጠላል። ማኮብኮቢያው ጫፍ ሲደርስ አብራሪው ፈትቶ ይጥለዋል። ከዚያ የእኛ የምድር ልጆች በመኪና ሄደው ይሰበስቡታል። ተራግፎ፣ ተጣጥፎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማጣጠፉ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በጉልበት ተጠቅጥቆ ነው የሚገባው። እሾህና አሸዋ ይዞ ሲመጣ ደግሞ የሚወርደው ስድብ ሌላ ነው።

ጡረተኛ ከምድር ባቡር

ልጆች፣ ጨዋታችሁን አነበብኩት። ደስ ይላል። ግን የእኔ ዕድሜ ሰው ጄት ሲባል የሚታየው ጃንጥላ አይደለም።

በ1969 ክረምት ድሬ ነበርኩ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገባ። የባቡሩ ድልድዮች ፈንድተው መስመሩ ተቆርጧል። ባቡር የሌለባት ድሬ ምን እንደምትመስል ላላየ መንገር ይከብዳል። ከተማዋን የወለዳት ባቡሩ ነው። ለገሃሬ፣ የጣቢያው ሰፈር፣ ጸጥ አለ። ጓደኞቼ ሥራ ፈተው ጣቢያው ደጃፍ ተቀምጠው ይውላሉ፣ ሰዓት እየጠበቁ፣ የማይመጣ ባቡር። ነሐሴ ላይ ታንኩም መድፉም የድሬ አፋፍ ደረሰ።

ያኔ የእኛ ጄት ሚግ አልነበረም። ኤፍ 5 ነው፣ የአሜሪካ። ኤፍ 5 ኤ በጃንሆይ ጊዜ የመጣ ነው። አዲሱ ኤፍ 5 ኢ ገና ስምንት ብቻ ደርሶ ነበር። ሚግ ያለው ጠላት ጋ ነው፣ ሶቪየት ለሶማሊያ የሰጠችው። ሰፈር ውስጥ «ሚግ መጣ!» ከተባለ እናት ልጇን ጎትታ ወደ ቤት ትገባለች። ኤፍ 5 ሲያልፍ ደግሞ ሰው ይወጣል፣ ያጨበጭባል፣ እልል ይላል። ሕፃናት ሳይቀሩ በድምፅ ይለዩ ነበር። ኤፍ 5 ቀጭን ነው ድምፁ፣ ይሰነጥቃል።

ከዚያ ምን ሆነ? ሶቪየት ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። በወራት ውስጥ ሚግ የእኛ ሆነ። ድሬ ሰማይ ላይ ሚግ የሚያበሩት ኩባዎች መጡ። ሚግ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚገባ ሰው፣ አሁን ሚግ ሲሰማ እጅህን አውለብልብ ተባለ። አዋጅ ቢታወጅ ጆሮ ወዲያው አይሰማም። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና ሚግ የእኛ ከሆነ ከዓመታት በኋላ እንኳ ሲያልፍ በሩን ትዘጋ ነበር። «የእኛ ነው እኮ» እላታለሁ። «ይሁን» ትለኛለች፣ በሩን ግን ትዘጋለች።

የሳቢያን ልጅ

ጋሼ፣ ይህን ከእርስዎ ባልሰማ ኖሮ በምንም አላውቀውም ነበር። እኛ የተወለድነው ሚግ የእኛ ከሆነ በኋላ ነው። ለእኛ ሚግ ማለት የትምህርት ቤት ደወል ነበር በቃ።

ለገሃሬ

ጋሼ ኤፍ 5ን ካነሱ አይቀር ለገሠ ተፈራን ማንሳት አለብን። በዚያ ጦርነት የሶማሊያ ጄቶችን በአየር ላይ ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ ነው። በኋላ የእሱም አውሮፕላን ተመቶ ተማረከ። 11 ዓመት ሶማሊያ እስር ቤት! በ1980 የእስረኛ ልውውጥ ሲደረግ ነው የተመለሰው። የአገሪቱ ትልቁ የጀግና ሜዳሊያ ተሰጥቶታል። ዛሬ ስንቱ ወጣት ስሙን ያውቃል?

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ሚግ 21 ከኤፍ 5 ይፈጥናል ይባላል። ታዲያ እንዴት ተበለጠ?

መካኒኩ

በፍጥነትማ ሚግ 21 ይበልጣል። ከድምፅ ሁለት እጥፍ ይደርሳል፣ ኤፍ 5 ኢ 1.6 አካባቢ ነው። ግን የአየር ውጊያ የሩጫ ውድድር አይደለም። ኤፍ 5 ትንሽ ነው፣ ቀልጣፋ ነው፣ ከሩቅ አይታይም። ክንፉ ጫፍና ጫፍ ላይ ሳይድዋይንደር ሚሳይል አለው፣ የሞተር ሙቀት ተከትሎ የሚሄድ። ጅጅጋ አጠገብ ካራማራ ተራራ ላይ ደግሞ ራዳር ነበረን። «በዚህ በኩል እየመጡ ነው» የሚልህ ሰው ካለ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል። ከሁሉ በላይ ሥልጠናው ነው። የእኛ አብራሪዎች ዓመታት የሰለጠኑ ናቸው። ማሽን አይዋጋም፣ ሰው ነው የሚዋጋው። ይህን የምለው ደግሞ ማሽን ጠጋኙ ነኝ።

ጡረተኛ ከምድር ባቡር

ራዳሩን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ጅጅጋና ካራማራ መስከረም 1970 ላይ ሲያዙ ያ ዓይንም አብሮ ሄደ። ቦታው ወደ እጃችን የተመለሰው የካቲት 26 ነው።

ስለ የካቲቱ ሲወራ ታንኩ ብቻ ይወራል። ሄሊኮፕተሮቹስ? ሚ 6 የሚባል አውሬ ነበር፣ የሶቪየት። ላዩ ላይ የሚሽከረከር አምስት ቢላ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ትንንሽ ክንፍ ያለው። ተሽከርካሪና መድፍ በሆዱ ይዞ በተራራው ላይ ተሻግሮ ከጠላት ጀርባ ያወርድ ነበር። የካራማራ በር ውጊያ ፊት ለፊት ብቻ እንዳይሆን ያደረገው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሚ 6 ሲያልፍ ድምፁን በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የምትሰማው።

የካምፕ ልጅ

ጋሼ፣ ስለ በሩ የጻፉትን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ።

እኔ ያደግኩት ካምፑ ውስጥ ነው። አባቴ የምድር ሠራተኛ ነበር። ውጭ ያለ ሰው ጄት ያያል፣ እኛ ግን ጄቱ ውስጥ ማን እንዳለ እናውቃለን። የእገሊት ባል ነው። የእገሌ አባት ነው። ሴቶቹ ቡና እየጠጡ ጄት ሲነሳ ማንም ምንም አይልም። ግን ሁሉም ይቆጥራል። ጀበናዋን የያዘችው ሳትቀር ቡናውን እየቀዳች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሲመለሱም ይቆጠራል። ከገጠመ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። ካልገጠመ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ሌላ ማረፊያ አርፎ ይሆናል ይባላል። ብዙ ጊዜም እንደዚያው ይሆናል። እስኪታወቅ ድረስ ግን መኪና ነው የሚጠበቀው፣ በማን በር እንደሚቆም።

እኛ ልጆቹ ይህን አናውቅም ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? እናውቅ ነበር። አስፋልቱ ላይ ኳስ እንጫወታለን። መኪናው ሲመጣ ኳሷን ይዘን ዳር እንቆማለን።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ካምፑን ለቀን ወጣን፣ ገንደ ቦዬ ተከራየን። አባቴ የራሱን የመፍቻ ሳጥን በጋሪ ጫነ። መፍቻዎቹ ላይ በሩሲያኛ ተጽፎባቸዋል። ለሚግ የለመደ እጁ በዚያ መፍቻ የድሬን ፔጆ ታክሲ ሲጠግን ኖረ። ሰው «ይህ ሰውዬ ለምንድነው ብሎኑን እንደ ወርቅ የሚቆጥረው?» ይለው ነበር። ሥራ ሲጨርስ መፍቻዎቹን በሙሉ ቆጥሮ ወደ ሳጥኑ ካልመለሰ መኪናውን አያስነሳም።

መካኒኩ

እህቴ፣ የአባትሽ ልማድ የእኛ ሁላችንም ነው። ሞተር ውስጥ የተረሳ አንድ መፍቻ አውሮፕላን ይጥላል። መሣሪያ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። አንዱ ከጎደለ አውሮፕላኑ አይነሳም፣ አለቃም ቢጮህ። እኔም እስካሁን ቤት ውስጥ ቢላና ሹካ እቆጥራለሁ፣ ልጆቼ ይስቁብኛል።

የጀጎል ልጅ

ድሬዎች፣ ሰማዩን ለብቻችሁ ወሰዳችሁት እኮ። ከሐረርም ሰው አለ!

እኛ ኤርፖርት የለንም፣ አውሮፕላን ፈልገን ወደ እናንተ ነው የምንወርደው። የአውሮፕላን ትዝታ ግን አለን፣ ጥሩ ባይሆንም። መጋቢት 20 ቀን 1928 የጣልያን አውሮፕላኖች ሐረርን ደበደቡ። ከተማዋ ጦር የሌለባት ክፍት ከተማ ናት ተብሎ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ምንም አልጠቀመም። አያቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ከጀጎል በር ወጥተው ወደ እርሻው ሸሹ። እኔ ልጅ ሆኜ የመንገደኛ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ «አውሮፕላን! አውሮፕላን!» ብዬ ስዘል ቀና ብላ አታይም ነበር። እጄን ይዛ ወደ ጥላ ትወስደኛለች። ፀሐይ ፈርታ ይመስለኝ ነበር።

ሌላው ቅሬታዬ፣ ቢሾፍቱ ያለውን የአየር ምድብ «ሐረር ሜዳ» ብላችሁ የምትጠሩት ነገር። ስንቱ ሰው «ሐረር የአየር ኃይል አለ አይደል?» ብሎ ጠይቆኛል መሰላችሁ። የለም! ሐረር የነበረው የጦር አካዳሚው ነው፣ እሱም የምድር ጦር።

ደቻቱ

የጀጎል ልጅ፣ ሰማዩን እናካፍላችኋለን፣ እናንተ ሐልዋውን ላኩ።

ድሬ በቶሮንቶ

ጣልያን ከተነሳ አይቀር አንድ የድሬ ታሪክ ልንገራችሁ። ብዙ ድሬ ሰው አያውቀውም፣ ደቡብ አፍሪካዎች ግን ዛሬም ያወሩታል።

መጋቢት 6 ቀን 1933። ድሬ ገና በጣልያን እጅ ናት። ሲአር 42 የሚባሉ ድርብ ክንፍ ያላቸው ተዋጊዎቻቸው እዚያ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ሃሪኬን ተዋጊዎች የድሬን ማረፊያ ሊመቱ መጡ። መሪያቸው ጆን ፍሮስት ነው። አውሮፕላኑ ተመታና በአቅራቢያው ባለ ትርፍ ማረፊያ ላይ እንደምንም አረፈ። ዙሪያው ጠላት ነው። ቦብ ከርሾው የሚባል ባልደረባው ከላይ ሆኖ አየው። ምን አደረገ? እሱም አረፈ!

ችግሩ ሃሪኬን መቀመጫው አንድ ነው። ሁለተኛ ሰው የሚገባበት ቦታ የለውም። ፍሮስት ከርሾው ጭን ላይ ተቀመጠ። ፍሮስት መሪውንና የእግሩን መርገጫ ያዘ። ከርሾው ጎማና ፍላፑን ያዘ። ለሁለት እያበረሩ ተነሱ፣ ከድሬ መሬት፣ በሕይወት። ከርሾው ትልቅ የጀግንነት ሽልማት አገኘበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድሬም ከጣልያን እጅ ወጣች። ፍሮስት ግን ብዙም አልቆየም፣ በቀጣዩ ዓመት በሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ በውጊያ ጠፋ።

ኤርፖርት ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ይህንን ነው። ለሚግ ሐውልት ይሠራል፣ ለዚህ ደግሞ አንዲት ጽሑፍ እንኳ ግድግዳ ላይ ብትለጠፍ ምን ነበረበት? ቱሪስት ፈልገን የለ?

ደቻቱ

ጭን ላይ ተቀምጦ! ይህማ የቀፊራ ባጃጅ ነው አቦ። አንዱ መሪ፣ አንዱ ፍሬን።

ተማሪው

እኔ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት። ሁላችሁም «ጠዋት ጠዋት» ትላላችሁ። ለምን ጠዋት? ወታደር ስለሆኑ ማልደው ስለሚነሱ ነው?

መካኒኩ

ማልዶ መነሳትማ አለ። ዋናው ግን ሙቀቱ ነው።

ሞቃት አየር ስስ ነው። ስስ አየር ክንፍን በደንብ አይሸከምም፣ ሞተርንም አያጠግብም። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ቀትር ላይ 35 ዲግሪ ሲገባ አየሩ የሚሳሳው ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ቀዝቃዛ ቦታ ያህል ነው። ማለትም አውሮፕላኑ ቆሞ ያለው ድሬ ነው፣ የሚሰማው ግን ደንገጎ አፋፍ ላይ እንደወጣ ነው። ስለዚህ ወይ ጭነት ይቀንሳል፣ ወይ ማኮብኮቢያው እስኪያልቅ ይሮጣል። ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ያው አውሮፕላን ቶሎ ብድግ ይላል። ደግሞ የእኛንም ነገር አትርሳ። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታውን የአውሮፕላን ቆዳ በባዶ እጅህ ብትነካው ትላጣለህ።

ሌላም ነገር ልንገርህ። ጄት ስትሰማ ድምፁ በመጣበት በኩል አትፈልገው። ድምፅ በድሬ ሙቀት በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ጄቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ድምፁ አንተ ጋ እስኪደርስ ስድስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ጄቱ ሌላ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ሄዷል። ስለዚህ ዓይንህን ከድምፁ ቀድመህ ወደሚሄድበት ወርውር። የድሬ ልጆች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር።

የአይሱዙ ሾፌር

ደንገጎ ካላችሁ የእኔም ነገር ይኸው። ከድሬ ሐረር ጭነት አመላልሳለሁ። አንድ ጊዜ ደንገጎ ላይ መኪናዬ ሞቆብኝ አቆምኩ። ድንጋይ ጎማ ሥር አድርጌ ዳር ተቀምጬ ራዲያተሩ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ሁለት ጄት ከታች መጡ። ከታች ነው የምላችሁ! እኔ ከላይ ነኝ፣ ጀርባቸውን ነው የማየው። አውሮፕላን ስናይ ሁሌ ሆዱን ነው የምናየው፣ ጀርባውን ማን ያውቃል? የተቀባው ቀለም የመሬቱ ነው፣ ቡኒና አረንጓዴ። መሬቱ ላይ ሲደርሱ ዓይኔ ያጣቸዋል፣ ጥላቸው ብቻ ሜዳው ላይ ሲሮጥ ይታየኛል። ረዳቴን «እይ እይ!» ስለው እሱ ወደ ሰማይ ያያል። «ወደታች እኮ ነው!» እስክለው ድረስ አለቀ።

መካኒኩ

ሾፌር፣ ትልቅ ነገር ነው ያየኸው። ላዩ የምድር ቀለም፣ ሥሩ የሰማይ ቀለም፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ። ሥሩን ያየ ከሰማይ አይለየውም፣ ላዩን ያየ ከመሬት አይለየውም። ለእንደዚያ ነው የተቀባው።

አዲስ ገቢ

ክሩ ደስ ይላል። አሁንስ ድሬ ምን ምን ዓይነት አለ? ስልኬ ጥሩ ካሜራ አለው፣ ሰሞኑን ያነሳሁት አለኝ፣ ልለጥፍ?

አወያይ

አዲስ ገቢ፣ እንኳን ደህና መጣህ። አትለጥፍ። ይህ ክር የትዝታና የድሮ ታሪክ ነው። አሁን ምን እንዳለ፣ የት እንደቆመ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ እዚህ አይጻፍም፣ ከተጻፈም ይጠፋል። ወታደራዊ ቦታ ላይ ካሜራ ማንሳት ራስህንም ያስጠይቅሃል፣ «ለፍቅር ነው» ብትል የሚሰማህ የለም። ሌላ አገር ኤርፖርት አጥር ጥግ ወንበር ዘርግተው የአውሮፕላን ቁጥር የሚመዘግቡ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው።

የገንደ ቆሬው

አወያይ ልክ ነው። ደግሞ የእኛ ትውልድ ካሜራ መቼ ነበረው? ሁሉም በጆሮ ነው።

ተማሪው

እሺ ወታደራዊው ይቅር። የመንገደኛውን መለየት መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መካኒኩ

ከሞተሩ ጀምር። ድሬ የሚመላለሰው የአየር መንገዱ ባለ ቢላ አውሮፕላን ኪው 400 ነው። ቀጭንና ረጅም ነው፣ ክንፉ ከላይ፣ ሁለት ሞተር፣ የጅራቱ አግድም ክንፍ ጫፉ ላይ የተሰቀለ። ቢላውን ቁጠር፣ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ስድስት ነው። ቢላ ከሌለው ጄት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቦይንግ 737። እሱ ክንፉ ከታች ነው፣ ሞተሮቹ ከክንፉ ሥር ተንጠልጥለው መሬት ሊነኩ የደረሱ።

የድሮዎቹን ለመለየትም ያው ዘዴ ነው። አንቶኖቭ 26 ሁለት ሞተር፣ አራት አራት ቢላ። አንቶኖቭ 12 አራት ሞተር። አንቶኖቭ 12ን በቅርብ ካየህ ጅራቱ ሥር መስታወት ያለው ጎጆ ነገር አለ፣ የተኳሽ መቀመጫ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ጉዞውን በሙሉ የሚያየው ያለፈበትን እንጂ የሚሄድበትን አይደለም።

የጀጎል ልጅ

ወላሂ እኔ ብሆን ያን ወንበር ነው የምመርጠው። የፊቱን ምን አደርግለታለሁ።

ደቻቱ

መካኒኩ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሚግ 21ም ድሬ ነበር አይደል? ነበር በለኝና ልተኛ።

መካኒኩ

ነበር፣ ነበር። ተኛ።